የስለት ጃንጥላ ይዘን ወደ ጣና

ረቡዕ፣ የካቲት 13 ቀን 2011

አውቶብሱ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ገና አልነጋም። አክስቴ መስኮት ዳር ተቀምጣለች። ጉልበቶቿ መሃል ጃንጥላው ቆሟል። የዝናብ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ፣ አናቱ ላይ ትንሽ መስቀል። በፌስታል ጠቅልላ በሲባጎ አስራዋለች። ረዳቱ መጥቶ "እማማ፣ ይሄ ከታች ከሻንጣው ጋር ይግባ" አላት። "እኔም አብሬው ልግባ?" አለችው። ሁለተኛ አልጠየቃትም።

ጉዞው የእሷ ነው። ልጇ አምና ስትወልድ ነገሩ ከበደ። ሐኪሞች ሌሊቱን ሙሉ ሲሯሯጡ አክስቴ ኮሪደር ላይ ቆማ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ተሳለች። እናትም ልጅም ተረፉ። ያን ሌሊት ባወራች ቁጥር "ሐኪሞቹን እግዜር ይባርካቸው" ትልና እዚያው ላይ "እሷ ናት እጃቸውን የያዘችላቸው" ብላ ትጨምራለች። አንዱን ብቻውን ብላ አታውቅም።

እኔ ሸኚ ነኝ። እውነት ለመናገር ግን ከከተማው ትንሽ ዞር ማለትም አምሮኝ ነበር። የአሉሚኒየም በርና መስኮት እሠራለሁ። አንድ ባለሕንፃ ሥራውን ተረክቦ፣ ፈርሞ፣ ተከራይ አስገብቶበት ቀሪ ክፍያዬን አልከፍልም ካለ ከርሟል። ነገሩ ፍርድ ቤት ነው። ቀጠሮ ቀጠሮን ይወልዳል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወዳጄ "ሰው አለኝ" ብሎኛል። "ትንሽ ነገር ትላለህ፣ በሳምንት ያልቃል።" ትንሽ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እስከ እሁድ አስብበትና እደውልልሃለሁ ብዬዋለሁ።

ዛሬ የጾመ ነነዌ የመጨረሻው ቀን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ፍሬኑ ሸተተ። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ አውቶብሱ አቃሰተ። ደብረ ማርቆስ ለምሳ ሲቆም ግማሹ ሰው ከወንበሩ አልተነሳም፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላማ። አክስቴ ያን ጊዜ ዮናስን አወራችልኝ። ታሪኩን እንደማውቀው ታውቃለች። አላሳለፈችኝም።

"እስቲ መርከበኞቹን እያቸው" አለች። "ዕቃቸውን ባሕር ውስጥ ጣሉ። ወደ የብስ ሊመልሱት አጥብቀው ቀዘፉ። እምቢ አላቸው። ጮኸው ለመኑም። ነቢዩ ምን ያደርግ ነበር?"

"ተኝቶ ነበር።"

"እህ! ነቢዩ ይተኛል፣ አሕዛቡ ይጸልያሉም ይቀዝፋሉም።" ይህን ብላ ሳቀች። ቀጥላ የነነዌን ንጉሥ አነሳች። ያ ሁሉ ጦር፣ ያ ሁሉ ቅጥር ያለው ሰውዬ ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀመጠ። "ሰው አለኝ አላለም" አለች። ስለ ወዳጄ አልነገርኳትም ነበር። እንዲያው ሳታስበው ያለችው ነው፤ ግን እስከ ባሕር ዳር ከጆሮዬ አልወጣም።

ከተማው ስንደርስ መሽቷል። ዘንባባ፣ ባጃጅ፣ የሐይቁ እርጥብ ነፋስ። ሽሮ በልተን ተኛን።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

አክስቴ ጉልበቷን ልታሳርፍ ቀረች። እኔ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሄድኩ። ዳጋ ለማንኛውም ሴት አትገባም። "ለእኔም ጸልይልኝ፣ እነሱ ካላስገቡኝ" ብላ ላከችኝ።

ጀልባው ላይ ከጎንደር የመጡ ወጣቶችና አንድ ግዙፍ ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴው ሁለት ስልክ ይዟል። ሁለቱም ይጮሃሉ። ጀልባ ነጂው ገና ልጅ ነው፣ ከሃያ ብዙም አያልፍም። "ቶሎ እንውጣ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል" እያለ ያጣድፈናል። ጣና በአገራችን በስፋቱ አንደኛ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ትልቁ ቦታ ላይ እንኳ ቢበዛ 15 ሜትር ግድም ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ይቆጣል።

ጠዋት ግን ጸጥ ብሎ ነበር። ታንኳ ቀዛፊዎች አለፉን። ታንኳ ከደንገል ነው የሚታሰረው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። አንዱ ቀዛፊ እንጨት እስከ አንገቱ ጭኖ፣ ውሃው እግሩን እየላሰው፣ እያዜመ አለፈን።

ሦስት ሰዓት ግድም ተጉዘን ዳጋ ደረስን። ደሴቱ በዛፍ የተሸፈነ ጉብታ ነው። ዳገቱ ነጋዴውን አስነፈሰው። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ተቀበሉን። "ይፍቱኝ አባ" ብለን መስቀል ተሳለምን። ወደ ዕቃ ቤቱ ይዘውን ገቡ።

ስለዚህ ቦታ ብዙ ሰምቼ ነበር። ማየት ሌላ ነው። ሳጥኖቹ ጎናቸው መስታወት ነው። መስታወቱ ላይ ከእኛ በፊት የመጡ ሰዎች የጣት አሻራ አለ። ከውስጥ ያረጀ ጨርቅና አጥንት ይታያል። መነኩሴው እየጠቆሙ ስም ይጠራሉ። ይኩኖ አምላክ፣ በ1270 እ.ኤ.አ. ሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት የመለሱት። ዳዊት። ዘርዓ ያዕቆብ፣ በ1445 እ.ኤ.አ. ጎሚት ላይ የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል የነሱት፣ የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ የሚፈሯቸው። ፋሲለደስ፣ የጎንደሩ ግንብ ባለቤት። በእነዚህ ሰዎች ስም ስንት ሺህ ጦረኛ ተሰልፏል! አሁን አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ክፍሉ የእኔ ወርክሾፕ አያህልም።

ከሁሉ የያዘኝ ግን ብዙ ሰው የማያነሳቸው ዐፄ ዘድንግል ናቸው። መንግሥቱ ለእሳቸው ታስቦ ሳለ መኳንንቱ ሕፃኑን ያዕቆብን አነገሡና እሳቸውን እዚሁ ጣና ውስጥ ደሴት ላይ አሰሯቸው። አመለጡ። ቆይተው ነገሡ። ዓመት ብዙም ሳያልፉ በ1604 እ.ኤ.አ. ያመፁባቸው ሹማምንት ጦር ሜዳ ላይ ገደሏቸው። አስከሬናቸው ኋላ እዚህ መጣ። ሐይቁ እስር ቤታቸው ነበር፤ መቃብራቸውም እሱ ሆነ። በመሃሉ ያለችው ዘውድ ናት።

ነጋዴው ዙሪያውን አየና "አባ፣ ይሄ ሁሉ ቅርስ ጠባቂ የለውም እንዴ? መሣሪያ የያዘ?" አለ።

መነኩሴው ከቀሚሳቸው ስር ቁልፍ አወጡና አሳዩት። "ቁልፍ አለ።" በሩን ቆለፉ። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ደግሞ፣ የረሱት ነገር ትዝ እንዳላቸው ሁሉ፣ "እስጢፋኖስም አለ" አሉ።

ስንመለስ ነፋሱ ተነስቶ ነበር። ሐይቁ መሃል ሞተሩ ሳል ሳል አለና ጠፋ። ጀልባው ጎኑን ለማዕበሉ ሰጠ። አንዱ ወጣት አስመለሰው። ነጋዴው ሁለቱንም ስልኮች አወጣ። "ባሕር ዳር የማውቀው ትልቅ ሰው አለ፣ አሁኑኑ ጀልባ ያስልካል።" ኔትወርክ የለም። አንዱን ስልክ ወደ ሰማይ፣ አንዱን ወደ ጎን ዘረጋ። የለም።

ልጁ አማተበ። ከዚያ የነዳጁን ቱቦ ነቀለና የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ቀዳ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳው። ከቤንዚኑ ስር ሌላ ነገር ተኝቷል፤ ጥርት ያለ፣ እንደ እንቁላል የሚንከባለል። "ውሃ ነው። ነዳጁ ውስጥ ውሃ ገብቷል።" ማጣሪያውን ፈታ፣ ደፋ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ጀልባው እየተናጠ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ገመዱን ደጋግሞ ሳበው። ተነሳ።

ባሕር ዳር ስንወርድ "አልፈራህም?" አልኩት።

"ኧረ ፈርቻለሁ ጋሼ!" አለኝ። "ግን የፈራ እጅ ቡሎን ይጥላል። ቡሎኑ ሐይቁ ውስጥ ገባ ማለት አለቀልን ማለት ነው። ስሙን ስጠራ እጄ ይረጋልኛል።"

ዓርብ፣ የካቲት 15

ጠዋት ቁርስ ቤት ያለው ክርክር፦ ዓሳ ይጾማል ወይስ ይበላል? ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ጥያቄ ዓርብ ቀን ማንሳት ሰላም መንሳት ነው። አክስቴ ሽሮ አዘዘች። አስተናጋጁ "እማማ፣ ቀረሶው አሁን የወጣ ነው" ቢላት "እሁድም ይወጣል" አለችው።

ከሰዓት በፊት ወደ ዘጌ ተሻገርን። የነገው የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ ንግሥ ነውና ጀልባዎቹ ጢም ብለዋል። ከወደቡ እስከ ኡራ ያለው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ውጉዝ ነው። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም እንዳዘዙት ይነገራል። ሕዝቡ በቡናና በጌሾ ያድራል። ያለ በሬ ዘመናት የኖረ አገር ነው። አንድ የግብርና ባለሙያ ቢሰማው የሚስቅ ይመስለኛል፤ ጫካውን ካየ በኋላ ግን ሳቁን ይተወዋል።

ጎረምሶች ጃንጥላውን እንሸከምልሽ አሏት። እምቢ አለች። ዳገቱ ላይ እንደ ምርኩዝ ተደገፈችበት። "እትዬ፣ ስለቱን ምርኩዝ አደረግሽው?" አልኳት። "ለዚሁ አይደል የተሳልኩት?" አለችኝ።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት። መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። በሮቹ ግዙፍ ናቸው፤ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ግራና ቀኝ ቆመውባቸዋል። ሰው ሁሉ የሚቆመው ግን በላዔ ሰብእ ጋ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ካለ በአጭሩ፦ ሰውዬው 78 ነፍስ በልቷል። አንድ ቀን በውሃ ጥም የሚቃጠል ለምጻም አገኘ። ለምጻሙ በእመቤታችን ስም ለመነው። ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ ሚዛን ላይ ወጣች። በአንድ በኩል 78 ሰው። በሌላው በኩል እፍኝ የማትሞላ ውሃ። እመቤታችን ጥላዋን ጣለችበትና ውሃው ደፋ።

ልጅ ሆኜ ይህ ታሪክ ያናድደኝ ነበር። የ78ቱ እናቶችስ? አሁንም ጥያቄው አለቀቀኝም። ዛሬ ሥዕሉ ፊት ቆሜ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ሰውዬው ጉልበተኛ ነው። የሚፈልገውን በጉልበቱ ሲወስድ ኖሯል። ሚዛኑ ላይ ግን ከወሰደው አንዱም አልረዳውም። የረዳችው ሳይገደድ የሰጣት ናት። እሷም ብቻዋን አልደፋችም። ካልተደገፈች ቀላል ናት።

ሌሊቱን ማኅሌት ቆምን። እኔ እንኳ ቆምኩ ማለት አልችልም፤ ግማሹን ቡና ዛፍ ስር ጋቢ ተጠቅልዬ አሳለፍኩት። ከበሮው ግን ከመሬቱ ስር የሚመጣ ይመስል ጎኔን ይመታኝ ነበር። አክስቴ መቋሚያ ተውሳ አነጋች። ያ የታመመ ጉልበት የት እንደሄደ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ታቦት ወጣ። እልልታው ጫካውን አናወጠው። ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ሲዞር ከላዩ የነበሩት ጃንጥላዎች አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ናቸው። የእኛው የለበትም።

ስለታችንን ያስረከብነው ከንጋት በፊት ነበር። አንድ ዲያቆን ተቀብሎ በድምፅ ማጉያ "ከአዲስ አበባ፣ አንድ ጃንጥላ!" አለ። እልል ተባለ። ዕቃ ቤት ገባ። በሩ ገርበብ ሲል አየሁት፤ ከፋይ ጃንጥላዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። የአንዳንዶቹ ዘርፍ ገና ከላስቲክ አልወጣም። አሥር ሰዓት አውቶብስ ላይ ታቅፋ የመጣችው ዕቃ እንደዚህ መቀመጡ ከነከነኝ። "ቢያንስ ዛሬ ቢያወጡት ምን ነበረበት?" አልኳት።

"ለእሷ ሰጠሁ እንጂ ለእነሱ ላሳይ ሰጠሁ?" አለች። ከልቧ ነው ያለችው። ፊቷን አየሁት። እኔ ነኝ ደረሰኝ የፈለግኩት።

ከቅዳሴ በኋላ ሰባኪው ረዘመ። ሰዉ ዛፍ ጥላ ስር ተበታትኖ ያንቀላፋል። አንድ ነገር ግን ሳልተች አላልፍም። ሰሞኑን በስልካችን የሚዞረው "ይህን ለአሥር ሰው ላክ፣ ነገ ብር ይገባልሃል" የሚል ነገር አለ። የዛሬው ሰባኪ ምስጋና ይግባውና እዚያ ውስጥ አልገባም። በእግዚአብሔር መታመን እንደ ሎተሪ ሲቸበቸብ መስማት ያንገሸግሸኛል። ያ መታመን አይደለም። "ሰው አለኝ" የሚለው ነገር ነው፣ ሰውየውን ብቻ ቀይሮ።

በመልስ ጀልባ የሐሙሱን ልጅ አገኘሁት። ስለ እምቦጭ ጠየቅኩት። አረሙ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ በኩል ነው የጸናው። አባቱ በዚያ በኩል ዓሳ ያሰግራሉ። መረባቸው ከዓሳ ይልቅ አረም ይዞ ይወጣል አለኝ። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል። ማሽንም መጥቷል።

"ምን ይሻላል ትላለህ?"

"ካህናቱ ምህላ ያዙ፤ ሲያበቁ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገብተው ነቀሉ። ያው ሰዎቹ ናቸው ጋሼ። አንዱ ቡድን ጸላይ፣ አንዱ ቡድን ነቃይ አይደለም።"

አክስቴ ከጎኔ ሆና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ዮናስ አልተኛም በለኛ" አለችው። ልጁ አልገባውም። ግን ሳቀ።

እሁድ፣ የካቲት 17

ቅዱስ ጊዮርጊስ አስቀደስን። ከዚያ ሐይቁ ዳር ቡና ቤት ተቀመጥን። ወዳጄ ሳልደውልለት ቀድሞ ደወለ።

"እሺ፣ ምን ወሰንክ? ሰውየው እየጠበቀ ነው።"

"ተወው።"

"ምን ማለት ነው ተወው? ገንዘብህ እኮ ነው! ከዚህ በኋላ ሁለት ዓመት ልትጎተት ትችላለህ።"

"ልጎተት እችላለሁ።"

"ባሕር ዳር ሄደህ መነኮስክ እንዴ? ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ ልትለኝ ነው?"

"ለጠበቃም ሰጥቼዋለሁ።"

ሳቀ። ተናዶም ነበር። "እኔ ስለማዝንልህ ነው" አለ። እውነቱን ነው፣ ያዝንልኛል። ክፉ ሰው አይደለም። የአገሩን መንገድ ነው ያሳየኝ። ላስረዳው ፈልጌ ነበር። ስለ ዘድንግል ልነግረው ነበር፣ ስለ ቡሎኑም። ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። "ስመጣ ቡና እንጠጣለን" አልኩና ዘጋሁት።

ሆዴ ባር ባር አላለም ብል ውሸት ነው። ቀሪው ክፍያ የሦስት ሠራተኞቼ ደመወዝ አለበት። አክስቴ ማን እንደደወለ አልጠየቀችኝም። ሜኑውን አገላብጣ "ዛሬ ዓሳ ይበላል አይደል?" አለችና አንድ ሙሉ ጥብስ አዘዘች። ቀረሶው ከነጭንቅላቱ መጣ። ሚጥሚጣውን አስጠግታ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ እሾኹን እየለቀመች እኔንም ታጎርሰኛለች። እምቢ ማለት አይቻልም።

ከሰዓት በኋላ ለጠበቃዬ መልእክት ጻፍኩ። ወዲያው መለሰ። መጋቢት ላይ ለሚሆነው ቀጠሮ የርክክቡ ሰነድ ዋናው ቅጂ ያስፈልጋል፤ ፎቶ ኮፒው አይበቃም። ሠራተኞቼም ሥራውን ማን እንዳስረከበ ሊመሰክሩ ይችላሉ፣ ስማቸውን ላክልኝ አለ። ሰነዱ ወርክሾፕ መሳቢያ ውስጥ ይሁን ቤት ቁም ሳጥን ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። ሠራተኞቼ ጋ ደወልኩ፤ አንዱ ሊፈልገው ሄደ።

ለሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ትኬት ቆረጥን። አክስቴ አሁን እጇ ባዶ ነው። ለጎረቤት ሁሉ የዘጌ ቡና መግዛት አለብኝ ብላ ወደ ገበያ እየጎተተችኝ ነው።